መርዋ፣ ረጀብ እና አሥራ ሁለቱ ሸርጣኖች

ሃያ አራት ዓመት የሞላት፣ ተምራ ሥራ የያዘች ልጅ የዶሮ አንገት ከፍሪጅ እየሰረቀች የት ትወስዳለች?

እስቲ እናንተ መልሱልኝ። እኔ መልሱን አጥቼ ሦስት ሳምንት ተብሰልስያለሁ። ለሾርባ ብዬ ሐሙስ አስቀምጣለሁ፣ ዓርብ የለም። ድመት የለንም። እዚህ ዓረብ አገር፣ ባኒያስ፣ አሠሪዬ ማዳም ግቢ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቤት የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔና የልጄ ልጅ መርዋ። የማዳምን ስድስት ልጆች ያሳደግኩ እኔ ነኝ። ጉልበቴ ሲደክም ማዳም «ቱርኪያ፣ የትም አትሄጂም» ብላ እዚሁ አስቀረችኝ። የመርዋ አባት፣ ትልቁ ልጄ፣ ሲሞትም ልጅቷን እዚሁ አሳደግኳት።

«መርዋ፣ የዶሮ አንገቱስ?»

«የቱ አንገት?»

«የዶሮው ነዋ! የኔ መሰለሽ?»

«ሪላክስ አያቴ...» ብላ ትስቃለች።

እንዴት ብዬ ነው ሪላክስ የምለው? የዶሮ ራስና አንገት የሚፈልግ ማን እንደሆነ እኛ አገር ይታወቃል። ድግምተኛ ነው! አንዱ ልጄ ላይ አስደግሞባታል ብዬ ደመደምኩ።

ዓርብ ከሰዓት ስትወጣ ተከተልኳት። ታክሲ የሚነዳው የሰፈራችን ልጅ ጫኔ ደረሰልኝ።

«ጫኔ፣ መርዋ የገባችባት መኪና እንዳትጠፋህ!»

«እማማ፣ ፊልም እየሠራን ነው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ንዳ!»

ሪም ደሴት ደረስን። መርዋ እዚያ ካሉት ፎቆች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ስለሆነች ወደ ሥራዋ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ፎቁን አልፋ ወደ ባህሩ ወረደች። ድንጋዩ ላይ አንድ ረጅም ወጣት ባልዲ ይዞ ቆሟል። ልጄ ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች። ከፌስታሉ ውስጥ... የኔ የዶሮ አንገት!

«አንተ ሰውዬ! ልጄን ምን አድርገሃት ነው?»

ስጮህ ደነገጠና የያዘውን ነገር ጣለው። ነገሩ ሮጠ። ያውም በጎኑ! ቀጥታ ወደኔ መጥቶ የአባያዬን ጫፍ በመቀስ በሚመስል እጁ ጨምድዶ ያዘው።

«እማማ፣ አይንቀሳቀሱ!»

«አንተ ማነህና ነው እኔን አትንቀሳቀሺ የምትል?»

«ከነቃነቁት የባሰ ያጠብቃል። ከኋላው ነው የሚያዘው፣ መቀሱ በማይደርስበት...» አለና ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ከበስተኋላው አነሳው።

ሸርጣን ነው። እግሩ ሰማያዊ የሆነ ሸርጣን! መርዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው!

ልጁ ረጀብ ይባላል። የደሴ ልጅ ነው። መርዋ የምትሠራበት ፎቅ ውስጥ ኤሲ ይጠግናል። የተገናኙትም ኤሲው ተበላሽቶ ጠረጴዛዋ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ነው። እሱ ሊጠግን መጣ፤ ጠግኖ ጨረሰ፤ በማግስቱም «ደህና እየሠራ ነው?» ብሎ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ኤሲ እንዲህ ይጠየቃል እንዴ?

«ይኼን ነገር ትበላዋለህ?» አልኩት።

«አልበላም እማማ። የሚበሉ የሥራ ጓደኞች አሉኝ፣ ለነሱ ነው።»

«የማትበላውን ለምን ትይዛለህ?»

«ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያ ውስጥ ነው የምውለው። ዓርብ ዓርብ እንኳ ሰማይ ልይ ብዬ ነው።»

«ሰማይ ለማየት የዶሮ አንገት ያስፈልጋል? የማጥመጃ ፈቃድስ አለህ?»

«አለኝ፣ ይኸው ስልኬ ላይ።» አሳየኝ ደግሞ! ልቆጣው ብል ምክንያት አሳጣኝ።

እንግዲህ ልጅቷን ቤት ቆልፌ አላስቀምጣት። ኒካህ ሳይታሰር ደግሞ ብቻቸውን አይሆኑም። ስለዚህ ምን አደረግሁ? ታጣፊ ወንበር ይዤ ዓርብ ዓርብ መሀላቸው መቀመጥ ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ የሸርጣን ዘበኛ ሆኜ አረፍኩት!

መርዋ ጀማሪ ስለሆነች ያስተምራታል። ዝም ብሎ ቢያስተምር ምን ነበረበት...

«ባህሩ ሞልቶ ሲመጣ ነው የሚበሉት። አንገቱን በገመድ አጥብቀሽ እሰሪና ጣይው። ከዚያ ጠብቂ።»

«እስከ መቼ?»

«ገመዱ እስኪከብድሽ። ሲከብድሽ ደግሞ እንዳትጎትቺ። እየበላ ስለሆነ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። አንቺ ብቻ ቀስ በይ... ቀስ... ላዩ ላይ ሲደርስ እኔ ከስር በመረቡ እቀበላለሁ።»

«ከለቀቀስ?»

«ከለቀቀ እንደገና እንጠብቃለን። እኔ መጠበቅ አይሰለቸኝም።»

የልጄ ጉንጭ በርበሬ መሰለ። እኔ ይኼ ስለ ሸርጣን እንዳልሆነ የማላውቅ መስሏቸዋል!

«እኔ እዚህ ነኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«አይተንሻል አያቴ።»

ድንጋዩ ያዳልጣል ስላት አትሰማም። ፀሐዩ ራስሽን ይመታሻል ስላት አትሰማም። እሱ «ትንሿን መልሻት፣ ታድግ» ሲላት ትሰማለች። «ይቺ እንቁላል ይዛለች፣ እናት ናት፣ ልቀቂያት» ሲላት በሁለት እጇ ታቅፋ እንደ ሕፃን ውሃው ላይ ታስተኛታለች። እኔ ያሳደግኳት ልጅ እኮ ሳህን እንኳ ቀስ ብላ አታስቀምጥም!

አራት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ ሸምሱ ከአል ዐይን ደወለ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ የመርዋ ወሊ እሱ ነው፤ ያለሱ ፈቃድ ኒካህ የለም።

«እማ፣ ዐብዱራህማን ሽማግሌ ሊልክ ነው።»

ዐብዱራህማን እዚያው አል ዐይን፣ አል ቃጣራ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ሰላቱን የማያሳልፍ ሰው ነው። እውነቱን ልናገር፤ ገና አምና ለሸምሱ «ይህን ሰው ለመርዋ አስብልኝ» ያልኩት ራሴ ነኝ። የራሱ ቤት አለው። ባህር ደግሞ በአቅራቢያው የለም!

መርዋ ስትሰማ እንደ ሌላ ጊዜው አልጮኸችም።

«አያቴ፣ እኔ ረጀብን ነው የምፈልገው። ኤንድ ኦፍ ስቶሪ።»

«ሸምሱ አይሰማሽም።»

«ማዳምን ግን ይሰማል።»

ይህችን ከየት አመጣቻት? እውነት ነው፣ ሸምሱን መኪና አስተምራ ሥራ ያስያዘችው ማዳም ናት፤ ቃሏን አይረግጥም። ለካ ልጅቷ ከማዳም ጋር ጨርሳለች! ማዳምም «ዓርብ እንግዶች አሉኝ። ልጁ አሥራ ሁለት ሸርጣን ከነነፍሱ ያምጣልኝ፣ በዚያው ልየው። ደስ ካለኝ ለሸምሱ እኔ ራሴ እደውላለሁ» ብላለች። ማዳም ሸርጣን በሩዝ ነፍሷ ነው።

ዓርብ በጠዋት ባህሩ ዳር ነበርን። አሥራ ሁለት ያዘ፣ አንድ ከአንድ የሚበልጥ። ከባልዲው ውሃውን ደፋና በባህር ውሃ የራሰ ጆንያ አለበሳቸው። እኛ ቤት አምጥቶ ጥላ ስር አስቀመጠና «እማማ፣ ሰግጄ፣ ታጥቤ ልብስ ቀይሬ እመጣለሁ። ማዳም ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ትደርሳለች» ብሎ ሄደ።

እኔ ባልዲውን ከፍቼ አየሁ። ያ ረቢ! የባህር ፍጡር በደረቅ ባልዲ! አፋቸው አረፋ ይደፍቃል። ይህ ልጅ ርኅራኄ የለውም እንዴ? አንጀቴ አልቻለም። ጆንያውን አንስቼ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ የሚጠጣ ውሃ፣ ያውም ቀዝቃዛውን፣ ሞላሁላቸው። ክዳኑን ገጠምኩ። ተመስገን፣ አረፉ አልኩ።

አርፈዋል ለካ!

ረጀብ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ማዳም በእንግዶቿ ፊት ባልዲውን አስከፈተችው። አሥራ ሁለቱም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተዘርረዋል። አንዱ እንኳ እግሩን አላነቃነቀም።

«ከነነፍሳቸው ነበር ያልኩህ» አለች ማዳም።

ረጀብ ውሃውን አየ። ጆንያው አጥር ላይ ተሰጥቷል፣ እሱንም አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ ማዳም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኸላስ፣ በቃ» ብላ ገባች።

መርዋ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔማ በገንኩ! አራት ወር ሙሉ ስንት ነገር ሲያስተምር ከርሞ፣ በሚያስፈልግበት ቀን የሞተ ያመጣል? ሸርጣን ማቆየት ያልቻለ ሚስት ሊያቆይ ነው? ያኔውኑ ለሸምሱ ደወልኩና «ለዐብዱራህማን ሽማግሌዎች እሺ በላቸው፣ እሑድ ይምጡ» አልኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ረጀብ ነው። ድንጋዩ ላይ ረስቼው የመጣሁትን ወንበር ይዟል።

«ባህር እንዳይወስደው ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ወንበሩን ከምታስብ ትናንት ሸርጣኖቹን አታስብም ነበር? እኔ እንኳ የማላውቀው ሴትዮ አዝኜላቸው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ጨመርኩላቸው!»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ ማለት?»

ወንበሩን ዘርግቶ በሩ አጠገብ አቆመልኝ።

«ተናገር እንጂ! አፍህን ሸርጣን ያዘው?»

«እማማ... ሸርጣን እርጥብ ጆንያ ስር ብዙ ሰዓት ይቆያል፣ እርጥበቱ ይበቃዋል። የኛ የሚጠጣ ውሃ ግን ለሱ ባህር አይደለም። ተዘግቶበት ደግሞ አየሩን ጨርሶ ይታፈናል። በጆንያው ያስቀመጥኳቸው ለዚያ ነበር። ለእርስዎ ሳልነግርዎ መሄዴ... ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት እውነቴን ነው።»

ባመጣው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ማዳም ፊት ለምን አልተናገርክም? መርዋን አጣህ እኮ!»

«ምን ልበል እማማ? ልጆቿን ባሳደጉላት ሰው ላይ፣ በእንግዶቿ ፊት ጣቴን ልቀስር? እንደዚያ አድርጌ መርዋን ባገኝ፣ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?»

ከውስጥ የመርዋ በር ተከፈተ። ሰምታለች። ቆማ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር!

«ጫኔን ጥሪልኝ!» አልኩ።

አል ዐይን ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተጨቃጨቅሁ። ሸምሱ አል ቃጣራ፣ የዐብዱራህማን ሱቅ በር ላይ ጠበቀኝ።

«እማ፣ አሳፈርሽኝ! ሽማግሌዎቹ ነገ ሊመጡ ልብስ አሰፍተዋል!»

«ይልበሱትና ለዒድ ያድርጉት!»

ዐብዱራህማን ከባንኮኒው ወጥቶ ወንበር ሰጠኝ። ደህና ሰው ነው፣ ያ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከዶሮ አንገት እስከ ጠርሙሱ ውሃ።

«እማማ፣ ልጅቷ ጠልታኝ ነው?»

«አታውቅህም እንጂ ለምን ትጠላሃለች? ልቧ ግን ሌላ ጋ ነው። አንተን ያመጣሁ እኔ፣ ሸርጣኖቹን የገደልኩ እኔ። ዐፉ በለኝ።»

መደርደሪያውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ ንጹሕ መደርደሪያ ነበር።

«ልቧ እኔ ጋ የሌለ ሴት በሽማግሌ ብትመጣ ምን ይሆንልኛል?» አለ በመጨረሻ። «ሸምሱ፣ ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። ዐፉ ብያለሁ፣ እማማ።»

ሸምሱ ረጀብን እንዲቀበል ግን ማዳም ታሳምነው እንጂ እኔ አልቻልኩም። እሑድ ጠዋት ማዳም ጋ ገብቼ ባልዲው ላይ ያደረግሁትን ተናዘዝኩ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሠላሳ ዓመት ኩሽናዬ ውስጥ ኖረሽ፣ ቱርኪያ!» እያለች ትስቃለች። ኋላ ሳቋን አቁማ «እና ልጁ አላሳጣሽም?» አለችኝ።

«አላሳጣኝም።»

ስልኳን አነሳችና ለሸምሱ ደወለች። ያወራችው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

የጋብቻው የፍርድ ቤት ወረቀት ካለቀ በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ እኛ ቤት ኒካሁ ታሰረ። ሸምሱ የረጀብን እጅ ይዞ ዳራት። ረጀብ መቀበሉን ሊናገር «ቀቢልቱ» ሲል ድምፁ ተቆረጠበትና ሼኹ እንደገና አስባሉት። ሁለተኛውንም በጭንቅ ነው ያወጣው። ከዚያ እንግዳውን ሁሉ ሰላም ብሎ፣ ጉልበቴን ስሞ፣ መኪናው ጋ ሊጠብቃት ወጣ።

መርዋ ከክፍሏ ወጣች። ያማረባት! አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ መኪና መንገዱ፣ ስለ ኤሲው ብርድ፣ በየቀኑ እንድትደውል... እሷ ግን ቀደመችኝ። ሁለቱን እጆቼን ይዛ ሳመቻቸው። ረጅም ጊዜ ይዛቸው ቆየች። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች።

ሳላስበው እንደ ዓርብ ዓርቡ ልከተላት ተነስቼ አንድ ጫማዬን አጠለቅሁ።

«እማ፣ ወዴት ነው?» አለኝ ሸምሱ።

ወዴት ነው? ባሏ ነው እኮ! ጫማዬን መልሼ አወለቅሁና ቁጭ አልኩ። መርዋ በሩ ላይ ዞር ብላ በባዶ እግሬ መቀመጤን አየች። አባያዋን ሰብሰብ አድርጋ ከቤት ወጣች።