ኔቪል የረገጠበት ጫማ

ቤሪል የሻዩን ትሪ የለቀቀችው ከምድር ቤቱ ደረጃ አናት ላይ ቆማ ነው። አራቱ ኩባያዎች እየተንኳኩ ወርደው ከዘፋኙ ኔቪል ጎን ሲሰበሩ፣ ኔቪል ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። በጀርባው ተዘርሯል፤ አንገቱ የሰው አንገት በማይዞርበት በኩል ዞሯል። እግሮቹ ላይ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ብርማ ባለ ታኮ ቦት አለ። የቀኙ ታኮ ተገንጥሎ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል።

የጮኸችው አንገቱን አይታ አይደለም፤ ቦቱን አይታ ነው። ያንን ቦት እኩለ ቀን ላይ በገዛ እጇ ማስቲሽ ቀብታ፣ ሞርሳ በሚባለው የብረት መቆንጠጫ ውስጥ አጥብቃ፣ እስከ ነገ እንዲደርቅ የተወችው እሷ ናት።

ቀድሞ የደረሰው የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ሊዮናርድ ነበር። የመቅረጫው ክፍል ካለበት ሰገነት እየሮጠ ወርዶ በትከሻዋ በኩል ወደ ታች አየ።

«ታኮው ነው!» አለ። «በዚህ ቦት አንድ ቀን ሰው ይሞታል ብዬ አልነበር? ቤሪልዬ፣ በምንድን ነው የለጠፍሽው?»

ጊታር ተጫዋቹ ራስል ከጓሮ መጣ። በመጨረሻ የደረሰው ድራም መቺው ኮሊን ነው፤ የቤሪል ባል። ያለከልካል፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ቤሪል ውሃው እስኪፈላ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ኮሊን ሞርሳው ካለበት የልብስ ክፍል ግራ ቀኝ እያየ ሲወጣ አይታዋለች። ጠዋት ደግሞ ኔቪል «ድራምህ እንደ አሮጌ ጋሪ ይንቀራፈፋል» ሲለው፣ ኮሊን «አንድ ቀን ይሄን አንገትህን እሰብረዋለሁ» ብሎ መልሶለት ነበር። ያኔ ሁሉም ስቀዋል።

እነዚህ ሰዎች በአንድ ወቅት «የመስታወት ቀበሮዎች» ነበሩ። ከደድሊ ከተማ ብረት ማቅለጫ ወጥተው፣ ጉንጫቸውን ብልጭልጭ ተቀብተው፣ የሴት በሚመስል ሸሚዝ መድረክ ላይ ወጥተው አገሩን ያሳበዱ ልጆች። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ጠፉ። አራተኛው ሞተ፣ ሦስቱ አረጁ። አሁን በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ሊዮናርድ ከየጎሬያቸው ለቃቅሞ አመጣቸውና፣ በዚህ አሮጌ ጸሎት ቤት ውስጥ የመመለሻ አልበማቸውን ይቀርጹ ጀመር።

የዘፈናቸው ነፍስ ርግጫው ነበር። ኮሪደር ላይ የተነጠፈ ጣውላ ላይ ተሰልፈው ሲረግጡ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ርግጫ የሚቀረጸው ሁልጊዜ በድቅድቅ ጨለማ ነው። «አምፖሉ ጥዝዝ ይላል፣ ማይኩ ይይዘዋል» የሚል ሰበብ ነበራቸው። ስለ ርግጫው ከጣውላው ውጪ ላለ ሰው አንዲት ቃል ላይተነፍሱ በልጅነታቸው ተማምለዋል፤ ልብስና ጫማቸውን የምታሰናዳው ቤሪልም አብራ ምላለች።

የዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ረግጠው ጨረሱ፤ መብራት በራ፤ እረፍት ሆነ። ሊዮናርድ ሦስቱንም ቅጂ በተከታታይ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም ነበር። ጸጥ ሲል ነው ቤሪል ትሪዋን ይዛ የወጣችው።

ኢንስፔክተር ሆራስ ፓርክስ ሲደርስ ወጣቱ ፖሊስ «አደጋ» ብሎ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ፓርክስ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው፣ ሚንት ከረሜላ ከአፉ የማይለይ ድንክ ሰው ነው። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ወይዘሮ ቤሪል፣ የዚህን ቦት ልክ የወሰዱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ጌታዬ። ያኔም አሁንም።»

«በምን ዓይነት ካልሲ?»

«በስስ ናይለን። ካልሆነ ዚፑ አይዘጋም።»

ፓርክስ የሟቹን ሱሪ በእርሳሱ ጫፍ ገለጥ አደረገ። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ በላዩ ወፍራም ግራጫ የሱፍ ካልሲ አብጦ ወጥቷል።

«አባቴ ማቅለጫ ቤት ሲሠራ እንዲህ ያለ ካልሲ ነበር የሚያደርገው» አለ፤ ሌላ ከረሜላ አፉ ውስጥ ወረወረና ተነሣ።

ለቤሪል ሰውዬው ገና ከመምጣቱ የተማማሉበትን ነገር የሚያውቅ መሰላት።

አንድ በአንድ አዳራሹ ውስጥ አነጋገራቸው። ቤሪል ጥግ ላይ የኔቪልን ያልተጨረሰ ጃኬት ታቅፋ፣ መርፌ በእጇ ይዛ፣ ሁሉንም ትሰማለች፤ ማንም ውጪ አላላት።

«ኔቪል ሲረግጥ ሰምተውታል አቶ ሊዮናርድ?»

«እንዴ! በጆሮ ማዳመጫ ነዋ!» ሊዮናርድ ብርዱን እየረገመ ጓንቱን ጠበቅ አደረገ። «የኔቪል ታኮ ከሺህ ታኮ ይለያል። ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ዛሬም ያንኑ ብርማ ቦት አድርጎ ሦስት ጊዜ ደበደበው፤ ታኮው ላልቶ ይሆናል፤ ቢራ ሊያመጣ ወረደ፤ አለቀ።»

«እርስዎ ያኔ?»

«ሰገነቴ ላይ። ቴፑ ሲጫወት ሁሉም ሰምቷል።»

ራስል ራሰ በራውን እየዳበሰ ገባ። «ጓሮ ሆኜ ለእህቴ ስልክ እየደወልኩ ነበር። እውነቱን ልንገርህ ኢንስፔክተር፣ ጸጉር ቢኖረኝ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ያ ሰውዬ በዚያ ቦት ስንት መድረክ ላይ ዘሏል፤ ወድቆ አያውቅም። ገፊ ካለ ከኛው አንዱ ነው። ዛሬ እዚህ አላድርም፤ መኪናዬ ውስጥ ቆልፌ እተኛለሁ።»

ቀጥሎ ኮሊን ነበር።

«በእረፍቱ ጊዜ የት ነበሩ?»

«መጸዳጃ ቤት።»

«ብቻ?»

«ሌላ የት እሄዳለሁ?»

ቤሪልን መርፌው ጣቷን ወጋት። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችው ሰው ውሸት ሲናገር ግራ ጆሮው እንደሚቀላ ታውቃለች፤ አሁን በርበሬ መስሏል። እሱ ካልሆነ ለምን ይዋሻል? ኮሊን ልቡ ደካማ ነው፤ እስር ቤት አንድ ክረምት አይዘልቅም። ስለዚህ ተራዋ ሲደርስ ተዘጋጅታ ነበር።

«ቦቱን መቼ ጠገኑት?»

«ጠዋት። ምሳ ሰዓት ላይ ኔቪል ራሱ መጥቶ ወሰደው።»

«ማስቲሹ ቶሎ ይደርቃል ማለት ነው።»

«ቶሎ።»

ፓርክስ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለውን ታኮ አውጥቶ በጣቱ ነካው። ማስቲሹ እንደ ማር ተስቦ ተከተለው። ሰውዬው ቤሪልን ቀና ብሎ አያት። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ኮሊን አጠገቧ ተቀመጠ። «ምን ሆነሽ ነው? ጣትሽ ይደማል።»

«ምንም።»

እጇን ሊይዝ ሲል ሳታስበው ወንበሯን ራቅ አደረገች። ፈርታው ነበር። የገዛ ባሏን፣ እግሩን እግሯ ላይ ካላሳረፈ እንቅልፍ የማይወስደውን ሰው ፈራችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ውጪው ሲደነግዝ፣ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተቋጠረ ጆንያ አስቀምጧል። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«አደጋ አይደለም» አለ ፓርክስ። «በዚያ ወፍራም ካልሲ ላይ ያንን ቦት የሚያጠልቅ የለም። ሌላ ሰው ነው ከሞተ በኋላ ያጠለቀለት፤ ዚፑ እምቢ ሲለው ተወው፤ ታኮውንም ገንጥሎ ደረጃው ላይ ጣለው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ወይዘሮ ቤሪል፣ ድጋሚ እጠይቅዎታለሁ። ቦቱ ሞርሳ ውስጥ የገባው መቼ ነው?»

ቤሪል ኮሊንን አየችው። ኮሊን መሬት መሬቱን ያያል። እውነቱን ብትናገር ቦቱ ከልብስ ክፍሉ ተወሰደ ማለት ነው፤ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ያየችው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ግን ኔቪል ሰርጓ ላይ ዘፍኖላታል፤ እናቷ ስትሞት ሣጥኑን በትከሻው የተሸከመው እሱ ነው። እሱን ውሸት አልብሳ መቅበር አቃታት።

«እኩለ ቀን ላይ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «እኩለ ቀን ላይ አሰርኩት። እስከ ነገ መነካት አልነበረበትም። ኔቪል አልወሰደውም። ዋሽቻለሁ።»

«ጎሽ» አለ ፓርክስ በለሆሳስ። «አቶ ኮሊን፣ የኪስዎን ዕቃ ያውጡ።»

ኮሊን ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። የተጨማደደ የሲጋራ ፓኮ ነበር።

«ልብስ ክፍሉ ውስጥ፣ ከቤሪል የአዝራር ቆርቆሮ ስር እደብቀዋለሁ» አለ፤ ጆሮው አሁን አልቀላም። «ሐኪሙ ከልክሎኛል፣ እሷም አስምላኛለች። ያን ጊዜ የገባሁት አንድ ልሰርቅ ነው።»

«ሲገቡ ሞርሳው ላይ ምን ነበር?»

«ቦቱ። ሁለቱም።»

«ከርግጫው በኋላ?»

«ከርግጫው በኋላ። ያንን ብናገር ለምን ገባህ ትለኛለች ብዬ... ቂል ነኝ።»

ፓርክስ ጆንያውን ፈታ። ሦስት ጥንድ ጥቁር ባለ ሚስማር ቦት ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ ሶላቸው ብረት የተመታ፣ ያረጀ የማቅለጫ ቤት ጫማ። የአንዱ ውስጡ አሁንም በላብ ርጥብ ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ውስጥ ተደብቆ አገኘሁት። ሦስት ሰው ረግጧል፤ ቴፑ ይመሰክራል። የኔቪል ብርማ ቦት ግን ሞርሳ ውስጥ ነበር። ታዲያ ኔቪል በምን ረገጠ? ካልሲው ነገረኝ። አቶ ራስል፣ ልክ ነኝ?»

ራስል ተነፈሰ። «ብርማው ሶሉ ቡሽ ነው። ብትረግጥበት እንደ ትራስ እፍን ይላል። እነዚህን ከማቅለጫው ስንወጣ ሰርቀን ነው የወጣነው። ፖስተሩ ሁሉ 'ምድር አንቀጥቃጭ ብርማ ቦት' እያለ ሲጽፍ፣ እኛ በጨለማ የአባቶቻችንን ጫማ እናጠልቅ ነበር። ማን ይነግራል?»

«እንግዲህ ስሙኝ። ለሬሳው ብርማ ቦት ያጠለቀው ሰው፣ ከርግጫ የወጣ ኔቪል ያንን ቦት ማድረግ አለበት ብሎ ያመነ ሰው ነው። ምስጢሩን የሚያውቅ ቢሆን በካልሲው ይተወው ነበር፤ በካልሲ ድንጋይ ደረጃ ላይ ማዳለጥ ምን ይገርማል? ይሄኛው ግን 'የረገጠበት ጫማ የታለ?' እንዳልል ፈራ። ቦቱን ሞርሳ ላይ ሲያገኘው፣ ኔቪል ገና አሁን አውልቆ ለጥገና የሰጠው መሰለው። ራስል ያውቃል። ኮሊን ያውቃል። ወይዘሮ ቤሪል ታውቃለች። የማያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ርግጫ ሲረገጥ ሁልጊዜ ሰገነት ላይ የሚቀመጥ፣ በጨለማ እግራቸውን አይቶ የማያውቅ።»

ሊዮናርድ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጫማዎች ያያል። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት አልነበረም፤ ውርደት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «እኔን?»

«ቴፕ ብቻውን ይጫወታል አቶ ሊዮናርድ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ለመውረድና ለመመለስ ይበቃል። በኔቪል ኪስ ውስጥ ካሴት ነበር። መኪናዬ ውስጥ አዳመጥኩት። አልበሙ ላይ በኔቪል ስም የሚዘፍን የሌላ ሰው፣ የወጣት ድምፅ ነው። እስቲ ጓንትዎን ያውልቁ።»

ሊዮናርድ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ቀርቦ ጎተተለት። ጓንቱ ተጣብቆ ነበር፤ ሲላቀቅ በሁለት ጣቶቹ ላይ የማስቲሹ ቢጫና የግራጫ ሱፍ ብናኝ ቀረ።

«ድምፁ አልቆ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ማን ሊሰማው ነው? አልበሙን ላድነው ብዬ ነው! ለጋዜጣ እናገራለሁ አለኝ። ደረጃው ላይ በካልሲ ቆሞ፣ እየሳቀብኝ... ገፋ ነው ያደረግሁት። ገፋ ብቻ።»

ይዘውት ሲወጡ ወደ ኋላ ዞሮ ያየው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጫማዎች ነበር።

ራስል ጓሮ ወጥቶ ሲያለቅስ ይሰማል። ቤሪልና ኮሊን አዳራሹ ውስጥ ቀሩ። ኮሊን ሲጋራውን ጨፍልቆ ቅርጫት ውስጥ ጣለ።

«ወንበርሽን ያራቅሽው ለዚህ ነው?» አላት። «እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነው?»

ሌላ ውሸት አልነበራትም። «አዎ።»

ኮሊን ጎንበስ ብሎ የማቅለጫ ቦቱን አጠለቀ፤ ክሩን ለማሰር ጣቶቹ እምቢ ሲሉት እሷ ተንበርክካ አሰረችለት። የኔቪልን ጥንድ፣ ውስጡ አሁንም ርጥብ የሆነውን፣ በእግሩ ወደ እሷ ገፋው።

«አድርጊው። ሦስት ጥንድ እግር ያስፈልገናል፤ ራስልን ጥሪው።»

ትልቅ ነበር፤ ካልሲ ጠቅጥቃ አደረገችው። ኮሪደሩ ላይ ጣውላው ላይ ቆሙ፤ ራስል ዓይኑን እየጠራረገ መጥቶ ተሰለፈ። በልማዱ እጁን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ዘረጋ።

«ተወው» አለ ኮሊን። «ይብራ።»

ረገጡ።