ለባሻ የተሰጠው ስም

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩንም መለስ አድርጉት። ጊዜው እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር። ጨረቃ የለችም። ከወንዙ ወደ ወርቅ ጉድጓዶቹ የሚያወጣው ቀጭን መንገድ ጭር ብሏል። በዚያ መንገድ ይግረም የሚባል ሰው ብቻውን ይመጣል። በዚህ ሰዓት ምን አስወጣው? ከመነሻው ልንገራችሁ።

በዚያ አገር ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው ከየአቅጣጫው በጎረፈ ጊዜ፣ ይግረም ከአንድ ሰው ጋር ጉድጓድ ተጋርቶ ይቆፍር ነበር። ሰውየው አሮጌ የወታደር ካፖርት ከላዩ ስለማይለይ ሁሉም «ባሻ» ይለዋል። አንድ ቀን ጉድጓዱ ተናደና ባሻ ሞተ። ሬሳው ወጣ፤ ቄሱም ተጠርተው መጡ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ባሻ ነው የምንለው፣ አባ።»

«በባሻ ፍትሐት አይደረስም፣ ልጄ! ስሙን ንገረኝ።»

ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ቄሱም ወንዝ ተሻግረው ተመላሽ ናቸው። ታዲያ ሰው ያለ ፍትሐት እንደ ውሻ ይቀበር? ይግረም አንጀቱ አልቻለም። «ወልደ ሰንበት» አለ። የማን ስም ነበር? የራሱ የክርስትና ስም!

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ ከዳው። ማታ ሲገባ የገዛ ውሻው አይጮህበትም፣ ጅራቱንም አይቆላለትም፤ ማንም እንዳልመጣ ሁሉ ከእሱ አሻግሮ ጨለማውን ያያል። «በቁሜ ፍትሐት ደረሰብኝ» አለ በልቡ። የሟቹን ስም ሳያገኝ አርባው ከወጣ፣ የራሱ ስም ከመቃብር እንደማይመለስ ታወቀው። ለቄስ መዋሸቱን ግን ለማን ይንገር? አፈረ።

እናም መጠየቅ ያዘ። ሻይ የምታፈላዋ ዘርፌ፣ «ለእኔስ መንዜ ነኝ ነው ያለኝ» አለችው። ወርቅ አጣቢው ደሬሳ ሳቀበት፦ «ለእኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ነኝ ብሎኛል። እዚህ አገሩን እውነት የሚናገር ሰው አይተህ ታውቃለህ? ለመሆኑ አንተስ ማን ነህ?»

ይግረም ሌላ ሰው ሊጠይቅ አለፈ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ባሻ ከወንዙ ማዶ እኅት እንዳለችው ሰማ። ወዴት እንደሚሄድ ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ወጣ። አሮጊቷ እኅት አልቅሳ አልቅሳ ስሙን በጆሮው ነገረችው። ስሙ እንዳይጠፋበት እየደጋገመ፣ እየደጋገመ ተመለሰ።

ይኸው፣ መንገዱ ላይ ደረስን። ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ። ተራመደ፤ ኮቴውም ተራመደ። እርጥብ አፈር ሸተተው። የካፖርት ጫፍ እሾኹን እየታከከ ሲመጣ ተሰማው።

«ወልደ ሰንበት!» ከሩቅ ነው።

በጨለማ ስም ሲጠራ ቶሎ አቤት አይባልም፤ አይደል? ይግረምም ያውቃል። መንገዱን ቀጠለ።

«ወልደ ሰንበት!» ቀረበ።

ዞሮ የሟቹን ስም ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ወልደ ሰንበት!» ከጆሮው ሥር።

«አቤት!» አለ።

ጠዋት ጉድጓዱ አፍ ላይ ሞቶ ተገኘ። የባሻን አርባ ሊያወጡ የመጡት ቄስ ሚስቱን ጠየቋት፦ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ወልደ ሰንበት፣ አባ።»

የዕጣኑ ጽና ከእጃቸው ወደቀ። «በዚህ ስም እኮ ፍትሐት አድርሻለሁ!»

ባሻስ? ስሙን ይዞለት የመጣው ሰው አፉ ተዘጋ። እኔም ስሙን አላውቀውም። እናም ዛሬም ድረስ በየመንገዱ የሰው ስም እየጠራ ይዞራል። ብቻውን የሚሄድ ካለ እዚሁ ይደር።

ቆይ! በሩ ላይ ማንን ነው የሚጠራው? አቤት እንዳትሉ!