ለአባል የማይወረወር ኳስ

የተጋጣሚያቸው ክለብ የመጨረሻው ተጫዋች ከክለቡ በረንዳ ወርዶ ወደ ሜዳው ሲገባ ኦስዊን አሁንም በሩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ሌላ ሰው አልወጣም። አባቱ የለም!

«እንዴ፣ ፋዘርህስ?» አለው ክላይቭ፣ የክፍሉ ልጅና የትምህርት ቤቱ ቡድን አንደኛ አሽሟጣጭ። «ዛሬ እሱ ነው የሚወረውርብን እያልክ እንቅልፍ አሳጥተኸን አልነበር? ቀደዳ ብቻ!»

የኦስዊን ግን ቀደዳ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ከእነሱና ከጎረቤት ደሴቶች ተመርጦ እንግሊዝ ድረስ በሄደው የመጀመሪያው የክሪኬት ቡድን ውስጥ አባቱ ፊትዝ ጊተንስ ከኳስ ወርዋሪዎቹ ሁሉ ፈጣኑ ነበር። ሲመለስ የከተማቸው የብሪጅታውን ሕዝብ ከወደቡ በትከሻው ተሸክሞ ነው ቤት ያደረሰው። የሚሠራው ደግሞ እዚሁ ክለብ ነው። ታዲያ ለዋንጫ ጨዋታ እሱ ካልወረወረ ማን ሊወረውር ነው?

ከዚያ አየው። ሜዳው ዳር ላይ፣ ሣሩን የዳመጠበትን ከባድ የብረት መዳመጫ ወደ መጋዘን እየጎተተ ነው። ኦስዊን ሮጦ ደረሰበት።

«አባዬ! ለምን ነጩን የመጫወቻ ልብስ አልለበስክም?»

«እኔ እኮ ተቀጣሪ ነኝ። ለዋንጫ የሚጫወቱት አባላት ብቻ ናቸው። አታውቅም እንዴ?»

አያውቅም። ቤት ውስጥ ተወርቶም አያውቅም። ጆሮውን ማመን አቃተው። ለደሴቶቹ ሁሉ የተጫወተ ሰው ለሚሠራበት ክለብ መጫወት አይችልም!

«ይሄማ እብደት ነው!»

«ቀስ በል። ሂድ፣ ጓደኞችህ ይጠብቁሃል።»

ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ በረንዳው ላይ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ። ከፊታቸው ሚስተር ፒልግሪም የሚባል ቦርጫም የክለቡ አባል ይለማመዳል፤ የሚወረውርለት የኦስዊን አባት ነው። ኳሷ ግን ለሕፃን እንደሚወረወር ቀስ ብላ መጣች። ሚስተር ፒልግሪም በመምቻ ዱላው አጎናት።

«ጎበዝ ነኝ፣ አይደል ጊተንስ?»

«በጣም እንጂ ጌታዬ።»

ኦስዊን ዳቦውን አስቀመጠ። ጠዋት ካስደነገጠው የአሁኑ ባሰ።

«እንግሊዝን ያስለቀሰው ይሄ ነው?» አለ ክላይቭ። «አክስቴ ትሻላለች!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ኦስዊን የመምቻ ዱላውን አንሥቶ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ አንተ፣» አለው የቡድኑ አምበል። «ከሠራተኛ ጋር መታየት ለቡድናችን አያምርም።»

ኦስዊን በደረጃው ወረደ። ሚስተር ፒልግሪም ጨርሶ ላቡን እየጠረገ ነበር።

«ለምን እንደዚያ ወረወርክለት?» አለው ኦስዊን አባቱን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አባል አይዋረድማ! ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በኳስ አፈራርሼ ከጨዋታ ካስወጣሁት ነገ ሌላ ወርዋሪ ይቀጥራሉ።»

ኦስዊን ከእንጨቶቹ ፊት ሄዶ ቆመ።

«እኔ አባል አይደለሁም።»

አባቱ ወደ በረንዳው ቀና ብሎ አየ። «ሁሉም እያዩህ ነው። መሳቂያ እንዳትሆን፣ ልጄ።»

«ይሳቁ። እንግሊዝ እንደወረወርከው ወርውርልኝ።»

ፊትዝ ጊተንስ እጅጌውን ጠቀለለና ወደ ኋላ ሄደ፤ ሄደ፤ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሲደርስ ዞረ። እየሮጠ መጣ። ኦስዊን የአባቱ ክንድ ሲዞር ብቻ ነው ያየው። የመካከለኛው እንጨት ተነቅሎ፣ አየር ላይ ተገለባብጦ፣ በረንዳው ሥር ወደቀ።

«ወይ ጉድ!» አለ አምበሉ። የሚስቅ የለም። ሚስተር ፒልግሪም ፎጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

ኦስዊን ሄዶ እንጨቱን አነሣና መልሶ ተከለው። ዱላውን ጨበጠ።

«ድገመው፣ አባዬ።»