ከአዴ ሳሊሀ ክፍል የሚመጣው ጥሪ

ይህን በሁለት ዓይኔ ነው ያየሁት። አልጠጣም፣ ጫት አልቅምም፣ ህልምም አልነበረም። ማመን ያቃተው ይለፈኝ... አልጣላውም።

ባለፈው ህዳር ነው። ቦታው ጅማ፣ ጅሬን። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ! ውጭ ልጆች ኳስ እየተራገጡ። እንዲህ ያለ ነገር በቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ሶረቲ እባላለሁ። ሥራዬ ዲሽ መግጠም ነው። ጣሪያ ላይ ያየኝ ሁሉ "አንቺ ልጅ፣ ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ!" ይለኛል። እስካሁን የወደቁት ወንዶቹ ናቸው።

የዚያን ቀን የደወለችልኝ ሲሃም ናት። ባሏ ሬድዋን ቡና ነጋዴ ነው፤ ያን ሰሞን ቡና ሊረከብ ሊሙ ገነት ሄዷል። ቤት ውስጥ እሷና አማቷ አዴ ሳሊሀ ብቻ ነበሩ።

አዴ ሳሊሀን ስትሮክ ከመታቸው ዓመት አልፏል። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። አንደበታቸውም ተይዟል፤ አንዲት ቃል አትወጣቸውም። የቀረቻቸው ግራ እጃቸው ናት።

ሪሲቨሩ አንድ ነው፣ ሳሎን ያለው። ቲቪ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ እሳቸው ክፍል። ተኝተው ቻናል መቀየር እንዲችሉ የሪሞት ማራዘሚያ ገጥሜላቸዋለሁ። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። ላኪው እሳቸው ራስጌ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ ሳሎን ሪሲቨሩ ፊት። እሳቸው ክፍል ሪሞቱን ሲጫኑ ትእዛዙ ግድግዳውን አልፎ ሳሎን ይደርሳል።

ቤተሰቡ ግን ደወል አደረገው!

አዴ ሳሊሀ ውሃ ሲጠማቸው፣ ሲያማቸው፣ የመካውን ቻናል ይጫናሉ። ሳሎን ቲቪው ላይ ካዕባ ብቅ ሲል ሲሃም "አቤት እማዬ፣ መጣሁ!" ብላ ትሮጣለች። አንድ ቀን ምግብ ትን ብሏቸው የተረፉት በዚሁ ነው።

"ሶረቲ... ዝም ብሎ ይጠራኛል" አለችኝ በስልክ።

"ማን?"

"ቲቪው። ራሱ ወደ መካ ይሄዳል። ሮጬ ስገባ እማዬ ተኝተዋል፣ ሪሞቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደከመኝ አቦ... ዛሬ ጠዋትማ ሲጠራኝ ችላ አልኩት።"

ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። ችላ ያለችው ጥሪ የእውነት ቢሆንስ? ሴትዮዋ መጮህ አይችሉም። ልጅቷ ደወሉን ማመን ካቆመች አንድ ቀን ታፍነው ይሞታሉ። ዕቃዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

እንደደረስኩ የተለመደውን ጠረጠርኩ። የክፍላቸው ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል አንዳንዴ ላኪውን ያሳስተዋል። አጥፍቼው ወደ ሳሎን ተመለስኩ።

ተቀባዩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ አለች... ካዕባ።

ጎረቤት ተመሳሳይ ዕቃ ካለው ደግሞ ይጠላለፋሉ። በአጥር በኩል ጎረቤቱን ሀቢቡላህን ጠየቅኩት።

"እኔ ቤት ያለው አንድ ቲቪ ነው" አለኝ እየሳቀ። "እሱንም የምታዘው ሚስቴ ናት።"

ሲሃም ካዕባ በመጣ ቁጥር ቻናሉን በሪሲቨሩ ቁልፍ ትመልሳለች። እኔ ተመልሼ የአዴ ሳሊሀን ሪሞት ባትሪ አወጣሁ።

ብልጭ... ካዕባ።

አሁን ተናደድኩ። ዕቃ እንዲህ ሲንቀኝ አልወድም። አዴ ሳሊሀ ክፍል ገብቼ ላኪውን ራሱን ከሶኬት ነቀልኩት፤ ሽቦውን እጄ ላይ ጠቀለልኩት። እስቲ አሁን ይጥራ!

አዴ ሳሊሀ ነቅተው ኮርኒሱን ያያሉ።

ድንገት ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው ጨፈኑ።

"መጣ!" ብላ ጮኸች ሲሃም ከሳሎን።

እጄን አየሁት። ላኪው እጄ ላይ ነው። ሴትዮዋን አየኋቸው። የዓይናቸው ቆብ ይንቀጠቀጣል። የተኛ ሰው ዓይኑን እንዲያ አይጨፍንም።

ሲሃም ሮጣ ስትገባ ተኝተው አያውቁም ማለት ነው... ፈርተው ነው የሚጨፍኑት።

የሪሞት ጨረር በዓይን አይታይም። በስልክ ካሜራ ካየነው ግን ሐምራዊ ሆኖ ይበራል፤ እኛ ሪሞት የምንፈትሸው በዚህ ነው። ከየት እንደሚመጣ ልይ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ግድግዳውን አየሁ። መስኮቱን አየሁ። አልጋው ግርጌ፣ ሲሃም እሳቸውን ስታስታምም የምትቀመጥበት ባዶ ወንበር አለ።

ከወንበሩ በላይ፣ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚሆንበት ቦታ... ሐምራዊ ነጥብ ብልጭ ድርግም ይላል።

ስልኬን ዝቅ አደረግኩ። ባዶ ወንበር።

መልሼ ከፍ አደረግኩት። ነጥቡ በርትቷል። ቅድም ወደ በሩ ነበር፤ አሁን ወደ እኔ ዞሯል።

ቀስ ብዬ ወደ አልጋው ጎንበስ አልኩ።

"አዴ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ከዚህ ክፍል መውጣት ይፈልጋሉ?"

ግራ እጃቸው አንጓዬን ጨምድዶ ያዘው። ከተዘጋው ዓይናቸው እንባ ወረደ። አንጀቴን በሉት! ይህን ሁሉ ጊዜ ለማን ይንገሩ?

"ሲሃም! ነይ፣ ሳሎን እናውጣቸው!"

"ለምን? ምን አገኘሽ?"

"ማሎ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ ያዢ!"

ከነፍራሻቸው ተሸክመን አወጣናቸው። ሪሞቱን፣ ባትሪውን፣ ላኪውን፣ ሁሉንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ አስገባሁ። ሲሃም ሶፋው ላይ ደግፋ ውሃ አጠጣቻቸው። ፊታቸው ፈታ አለ።

"አልሃምዱሊላህ" አለች። "ለካ ጭር ብሎባቸው ነው። በቃ፣ ከእኔ ጋር እዚሁ ይሆናሉ።"

እኔም ተነፈስኩ። ዘግተን ወጥተናል፣ አለቀ ብዬ።

ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች።

ካዕባ።

ሲሃም የዓመት ልማዷ ነውና ብድግ አለች። "አቤት እማዬ፣ መጣ..."

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። እማዬ አጠገቧ ናቸው።

"ታዲያ ማን ነው እኔን የሚጠራኝ?" አለች።

ያ ሁሉ ድካም ወደ ንዴት ሲለወጥ ፊቷ ላይ አየሁት። "ቢስሚላህ! ቤቴ ነው፣ ገብቼ አየዋለሁ። ቁልፉን አምጪ!" ብላ ወደ በሩ ተራመደች።

አዴ ሳሊሀ በግራ እጃቸው ቀሚሷን ጨብጠው ያዙ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንገታቸው ተገተረ...

"ሂን ዴሚን።"

አትሂጂ ማለታቸው ነው። ዓመት ሙሉ ያልሰማነው ድምፅ! በሌላ ቀን ቢሆን ጅሬን በእልልታ ይቀልጥ ነበር። ሲሃም አፏን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ያኔ ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ወጣ። መቀነስ ጀመረ። ቀስ... ቀስ... እያለ ዜሮ ገባ። ካዕባን የሚዞሩት ሰዎች ያለ ድምፅ ይዞራሉ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኛ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሰው ቲቪውን እንዲህ የሚቀንሰው ኮቴ ሲያዳምጥ ነው።

ሲሃም ከተቆለፈው በር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ... ነጠላ ጫማዋን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ አወለቀች።