እስከ ግንቦት 20

«የፈረንጁን ቀን ነው የምትጽፊው» አላት ኦላና፣ ጠርሙሱን እያለቀለቀ። «ቴሲሱ በእንግሊዝኛ አይደል? ሜይ 19 በይ።»

ትንቢት አራት ጠርሙስ ላይ «ግንቦት 11» የሚል ወረቀት ለጥፋ ጨርሳ ነበር። «ቀድመህ አትናገርም እንዴ?» አለችና የመጀመሪያውን በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። ሙጫው ደርቆ አልላቀቅ አለ። ዛሬ ሁሉም ነገር እንደዚህ ነው። በፈረቃው መሠረት ቅዳሜ መብራት የሚጠፋው አቃቂ ስለሆነ ቤቱ በቀን ጨለማ ነው፤ ለአሥረኛ ክፍል ፈተናዋ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ እሷ ደግሞ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ የሰው ጠርሙስ ትልጣለች።

እርግጥ ኦላና ባዕድ አይደለም። ከግቢው ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ከተከራየ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነው። ያደገው አቃቂ ወንዝ ዳር ሲሆን አባቱ በዚያ ውሃ ጎመን ያጠጡ ነበር። አሁን ልጃቸው ያው ወንዝ ምን ይዞ እንደሚወርድ እስከ ቆቃ ድረስ እየተከተለ ይለካል። እሷ ጠርሙሱ ላይ ስትጽፍለት እሱ ኬሚስትሪ ያስጠናታል፤ ውላቸው ይኸው ነው።

«ሰኞ በዲፓርትመንቱ መኪና ወደ ቆቃ ነኝ» አለ። «ዓርብ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ላይብረሪ ተጎልቼ ጆርናል ዳውንሎድ ማድረግ ነው። እናትሽ የለጠፏትን ማስታወቂያ ባላያት ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ይኸው ቀኗን ገልብጬ ይዣለሁ።»

ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ አነበበላት። «ለኬሚስትሪ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በሙሉ። ከሁለት መቶ በላይ የኬሚስትሪ ጆርናሎች ለሙከራ በነፃ ስለተከፈቱ፣ እስከ ግንቦት 20 ድረስ በንባብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች መጠቀም ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ይዘጋል።»

ትንቢት ባያነብላትም በቃሏ ታውቀዋለች። «በሙሉ» የምትለውን ቃል ያስገባችው ራሷ ናት።

«ሰኞ ግንቦት 11 ነው አይደል?» አለችው።

«አዎ።»

«ሜይ 19 ማለት?»

«ምን ነካሽ? አዎ አልኩሽ እኮ።»

ሰኞ ሜይ 19 ከሆነ ማክሰኞ ሜይ 20 ነው። ክው አለች። እስክሪብቶውን ጠርሙሶቹ መሃል ጥላው ተነሣች። «መጣሁ» ብላው ወደ ቤት ገባች።

እናቷ የሺሐረግ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚጣለውን ወረቀት በሳምንት አንድ ጊዜ ታመጣላታለች፤ በአንድ በኩል የታተመ፣ በሌላው በኩል ንጹሕ የሆነ። ትንቢት የሒሳቡንም የፊዚክሱንም ልምምድ በንጹሑ በኩል ትሠራለች። ክምሩን ወደ በሩ ብርሃን ይዛ ወጣችና አንድ በአንድ ገለበጠችው። አሥራ ሁለተኛው ላይ አገኘችው። በአንድ ገጹ እሷ የሠራችው የፍጥነት ጥያቄ አለ፣ ያውም ተሳስቶ። በሌላው ገጹ ጆርናሎቹን የከፈተው የውጭ ድርጅት ደብዳቤ አለ፣ በእንግሊዝኛ። እስከ ሜይ 20 ይላል።

በፈረንጅ ዘመን ማለት ነው። በኛ ግንቦት 12። ከነገ ወዲያ በማግስቱ።

ቀን መቀየር አቅቷት አይደለም፤ አምስተኛ ክፍል የተማረችው ነገር ነው። ግን ያን ሰሞን ራዲዮው ግንቦት 20፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ግንቦት 20፣ የሰልፍ ልምምዱ ለግንቦት 20። ሜይን አይታ ግንቦት አለች፣ 20ን አይታ 20 አለች፣ አለቀ። እናቷም አላሰበችም፤ ለጠፈችው። ተማሪውም ለበዓሉ ተብሎ ነው ብሎ ተቀበለው። ስለ ግንቦት 20 ሰምቶ የማያውቅ ድርጅት ለምን ብሎ የኛን በዓል እንደሚጠብቅ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም።

ትንቢት በራሷ በጣም ተናደደች። ከንዴቱ በታች ግን ፍርሃት ነበር፤ ይህን ስህተት ለሰው መናገር አትችልም።

የሺሐረግ አሥራ አንድ ዓመት የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠራተኛ ነበረች። አቧራው ደረቷን ይዟት ሌሊት ሙሉ እያሳለች ታድር ነበር። ባለፈው ጥር ነው ወደ ኬሚስትሪ ንባብ ክፍል የተዛወረችው። እዚያ ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ አቧራ የለም። ግን ለስድስት ወር ሙከራ ነው፤ ሰኔ 30 ያልቃል። የክፍሉ ሠራተኛ በየወሩ አዲስ የመጣውን መጽሐፍና ጆርናል ዜና በአማርኛ አዘጋጅታ መለጠፍ አለባት። ኃላፊዋ ወይዘሮ አስካለማርያም ናቸው እንዲህ ያደረጉት፤ «ተማሪው ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ማስታወቂያውን እንኳ በቋንቋው ያንብብ» ብለው። የሺሐረግ ደግሞ የመጻሕፍቱን ቁጥር ማንበብ እንጂ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አንብባ መተርጎም አትችልም። ስለዚህ በየወሩ ደብዳቤው አቃቂ ይመጣል፣ ትንቢት ትተረጉመዋለች፣ እናቷ ስሟን ጽፋ ትለጥፈዋለች። በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃት ነበር፦ «ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ፣ ልጄ።»

የሺሐረግ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገባች። ሥራዋ ያለቀው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሦስቱ ሰዓት ያለቀው መንገድ ላይ ነው። ሳሪስ አቦ ላይ ታክሲው ተበላሽቶ ቃሊቲ ድረስ በእግሯ መጥታለች። ቦርሳዋን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ ነከረች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ወይዘሮ አስካለማርያም ዛሬ አመሰገኑኝ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ክፍሉ ሰው እየመጣበት ነው አሉኝ። ምናልባት ሰኔን ሳይጠብቁ የቋሚነቱን ደብዳቤ ይሰጡኛል።»

ትንቢት ይህን ስትሰማ ጭራሽ ልትተወው ነበር። የእናቷ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አንጀቷን በላት።

«እማዬ» አለች።

«ወዬ።»

«ማስታወቂያው ላይ ተሳስቻለሁ።»

ወረቀቱን አሳየቻት፣ ሁለቱን ቀን ነገረቻት። የሺሐረግ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። እግሯን ከውሃው አውጥታ በፎጣ ቀስ ብላ አደረቀች፣ ጣት በጣት።

«ማክሰኞ ይዘጋል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ማክሰኞ ሲዘጋ ድርጅቱ ዘጋው ይባላል። ኢንተርኔቱ ነው ይባላል። መብራት ነው ይባላል። እዚያ በየቀኑ የማይዘጋ ነገር የለም።»

«ተማሪዎቹ ግን እስከ 20 አለን ብለው ነው የተቀመጡት። ኦላናም እንደዚያው። ሰኞ ቆቃ ሊሄድ ነው።»

«መኪናውን ለሌላ ቀን አይለውጥም?»

«የዲፓርትመንቱ ነው። ወረፋ ሁለት ወር ጠብቆ ነው ያገኘው።»

«እንግዲያ ብትነግሪውስ ምን ያደርጋል? ነገ እሑድ ነው፣ ዝግ ነው።» የሺሐረግ ጋደም አለች። «ማስታወቂያውን ማን እንደጻፈው ይጠየቃል፣ ትንቢት። መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ተመልሼ መደርደሪያ ስር መግባት አልችልም። ደክሞኛል። በጣም ደክሞኛል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቷ ክፉ አይደለችም፤ መንገድ ላይ የወደቀ እስክሪብቶ እንኳ ባለቤቱን ፈልጋ የምትመልስ ሴት ናት። ይህን ያናገራት ድካሙ ነው።

ግቢ ውስጥ ኦላና እያፏጨ ነው። አሥራ ስድስቱን ጠርሙስ በካርቶን ደርድሮ ጨርሷል። የቀሩትን ሦስት «ግንቦት 11» ራሱ ልጦ «ሜይ 19» ብሏቸዋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ካላስገባ ዓመቱ እንደሚያልፍበት፣ የሚያስተምርበትና የትምህርት ፈቃድ የሰጠው ትምህርት ቤትም ከዚያ በላይ እንደማይጠብቀው ትንቢት ታውቃለች። ለፈተናዋ ስትጨነቅ የሚያጽናናት ይህንኑ እየነገረ ነው፦ «አንቺስ ሦስት ሳምንት አለሽ፣ እኔ ነኝ የተቃጠልኩት።»

በሩ ላይ ቆመች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ማክሰኞ ይመጣል፣ ያልፋል፤ ዓርብ ኦላና ከቆቃ ተመልሶ የተዘጋ ነገር ፊት ይቀመጣል፤ እሷም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሱ ጋር ኬሚስትሪ ታጠናለች። ይህን የመጨረሻውን ስታስብ ወደ እሱ ተራመደች።

«ኦላና» አለችው።

«ጥለሽኝ ጠፋሽ እኮ! ጠርሙስ ልጠሽ አታውቂም?»

«ጆርናሎቹ የሚዘጉት ግንቦት 20 አይደለም። ግንቦት 12 ነው። ማክሰኞ።»

ፉጨቱ ቆመ። «ማን አለሽ?»

እዚህ ላይ «እማዬ ሰምታ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ቀላል ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ትንቢት አፏን ከፈተች፤ ግን ያ ውሸት ቀኑን ለኦላና ብቻ ያስተካክላል። ንባብ ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈው እንደተለጠፈ ይቀራል።

«ማንም አላለኝም» አለች። «ማስታወቂያውን የምተረጉመው እኔ ነኝ። ሜይ 20 የሚለውን ግንቦት 20 አልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእማዬ አይደለም።»

ኦላና ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ። ተቆጥቶ አያውቅም፤ አሁንም አልተቆጣም፤ ግን ፊቱ ባንዴ ያረጀ መሰለ። ሞባይሉን አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። «ነገ ዝግ ነው» አለ ለራሱ። «ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መኪናው ይነሣል። በቃ፣ አለቀ።»

ትንቢት ይቅርታ ልትለው ፈለገች።

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። እናቷ ባዶ እግሯን ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። የተባባሉትን ሰምታለች። ትንቢት ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም።

ኦላና ብድግ አለ። «እትዬ የሺሐረግ፣ እኔ ለማንም አልናገርም። በእውነት።»

«አውቃለሁ» አለች የሺሐረግ። ትንሽ ሳለች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። «ወይዘሮ አስካለማርያም በየሳምንቱ ይጠይቁናል። የፈተና ወቅት ስለሆነ እሑድ መጥቶ የሚከፍት ፈቃደኛ ማነው ይሉናል። ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን።» ቁልቁል የራሷን እግር አየች። «የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ነገ እዚያ መብራት አይጠፋም። ደውዬ አስፈቅዳለሁ።»

«እማዬ፣ ነገ እኮ የምታርፊበት ቀን ነው።»

«አውቃለሁ አልኩ።» ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ለጓደኞችህም ደውልላቸው፣ ኦላና። ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይከፈታል። አንቺ ደግሞ እርማት ጻፊ፣ ሄጄ በአሮጌው ቦታ እለጥፈዋለሁ። አሁን ጻፊው፣ ሳይመሽ።»

ትንቢት ከደብተሯ መሃል በሁለቱም በኩል ንጹሕ የሆነ ወረቀት ቀደደች። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ «እርማት» ብላ ጀመረች። ግንቦት 12 የሚለውን በቁጥርም በፊደልም ጻፈችው፤ አጠገቡ የፈረንጁን ቀን ጨመረች። ነገ እሑድ ክፍሉ ክፍት መሆኑንም አከለች። ግርጌው ላይ እንደወትሮው «አዘጋጅ፦ የሺሐረግ ወልደሰንበት» ብላ የእናቷን ስም አሰፈረች። እስክሪብቶውን ግን አላነሣችም። ትንሽ አሰበችና ከሥሩ «ተርጓሚ፦ ትንቢት ደበላ» ብላ ጨመረች።

ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠቻትና ጠበቀች። የሺሐረግ ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ግርጌው ላይ ስትደርስ ቆየች። ለመሰረዝ እስክሪብቶ አልጠየቀችም። ወረቀቱን ሳታጥፍ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቁልፉ አጠገብ አስገባችው።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ቀስቅሽኝ» አለች፣ ወደ አልጋው እየተመለሰች። «አንቺም ትመጪያለሽ።»