የሊፓው ምሰሶ

ፓናስ ኮሎዱብ የተገደለው በገዛ መጥረቢያው ነው። ገዳዩ በመጥረቢያው ጀርባ ደጋግሞ ስለመታው፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት ከቅዳሴ መልስ በሩን የከፈተችው እህቱ ያቭዶኻ ወንድሟን የለየችው በሸሚዙ ነበር። ደፉ ላይ ቆማ እሪ አለች እንጂ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ውስጥ አልገባችም።

መርማሪ ኡስቲና ዳኒሊቭና ከወረዳው ከተማ ስትደርስ ሁለተኛ ሬሳ ሊጨመር ትንሽ ቀርቶት ነበር። የኦሶኪቭካ መንደር ወንዶች የሟቹን አማች ኦሬስትን ግቢው ውስጥ ጥለው በእርግጫና በአጥር እንጨት ይቀጠቅጡታል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ኡስቲና ልመና አታውቅም፤ ሽጉጧን አውጥታ ወደ ሰማይ ተኮሰች።

«ከእንግዲህ እጁን ያነሳ ሰው እግሩን አጣ!»

«ገዳይ እኮ ነው!» አለ ሚኪታ የሚባለው ግዙፍ ሰው እያለከለከ። «ትናንት ማታ ሰክሮ መጥቶ ‹ክፈት፣ አለዚያ እሰብረዋለሁ!› ሲል መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ደግሞም እስር ቤት የኖረ ነው።»

«እስር ቤት የኖረ ሁሉ ገዳይ ከሆነ፣ ዛሬ ስንቶቻችሁን ይዤ ልሄድ ነው?»

ኦሬስት ደም ተፋ። «አልከፈተልኝም። ሶሎሚያ ወለደች… ወንድ ልጅ። ለአያቱ ልነግረው ነበር የመጣሁት። ልጁን ካገባሁ ጀምሮ አናግሮኝ አያውቅም። እንዲያው ድፍረት ይሰጠኛል ብዬ ጠጣሁ።»

«ከዚያ በፊትስ የት ነበርክ?»

«ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ሆስፒታል። ነርሶቹን ጠይቂ።»

ደወለችና ጠየቀች፤ እውነቱን ነው። ግን ምን ይጠቅመዋል? መንደሩ ሁሉ ፓናስ የሞተው ማታ ነው ይላል። የእስር ታሪክ ያለው፣ የሰከረ፣ በር የደበደበ ሰው ዳኛ ፊት ቢቀርብ፣ አዲስ የተወለደው ሕፃን አባቱን የሚያውቀው በፍርግርግ በኩል ይሆናል። ኡስቲና ይህን አስባ በጣም ተናደደች። ቢሆንም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ቤቱ ገባች።

ፓናስ ጫካን ቤት ውስጥ የሚያስገባ አናጢ ነበር። ግድግዳውን በወንዝ ጠጠር ለብጦታል፤ ወንበሮቹ የተጠላለፉ ሥሮች ናቸው። ከክፍሉ መሐል ደግሞ አንድ ሙሉ የሊፓ ዛፍ ከነቅርፊቱ ቆሞ፣ በሁለት ቅርንጫፎቹ የጣራውን ተሸካሚ ይዟል። እርጥብ ነው፤ ከተቆረጠ ገና ሳምንት ቢሆነው ነው። በሰው ቁመት ልክ ላይ ቅርፊቱ የመዳፍ ያህል ተፈልፍሎ፣ ነጩ እንጨት ወጥቷል።

ወለሉ ላይ የበዓሉ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ሬሳው በጀርባው ተንጋሎ ቄጠማው ላይ ተኝቷል። ኡስቲና ተንበረከከች። ከተፈጠፈጠው ጭንቅላት ሥር ያለው ቄጠማ አረንጓዴ ነው፤ ደም የሚባል አልነካውም። ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ስታነሳው ግን ከሥር በኩል ከጭቃው ወለል ጋር ተጣብቋል፤ ወለሉም በደም ጠቁሯል። ከዚያ ተነስታ ክፍሉን ከበሩ አንጻር አየችው። ከደፉ እስከ ቅዱሳን ሥዕሎቹ ጥግ ድረስ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ተትቷል። ግራና ቀኙ ቄጠማው በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ፣ ጫፉ ሁሉ ወደ ሥዕሎቹ ዞሯል።

ወጥታ ያቭዶኻ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቄጠማውን ማን ጎዘጎዘው፣ እማማ?»

«እኔማ ትናንት ጠዋት በረንዳው ላይ አስቀምጬለት ሄድኩ። እሱ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ራሱ ነው የሚጎዘጉዘው። መጎዝጎዝ ከተባለ! ለከብት ድርቆሽ እንደሚበትን ነው እኮ የሚበትነው፤ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!» አለችና አለቀሰች።

«ሊፓውን ከየት አመጣው?»

«ከጫካ ነው ያለኝ።»

«ጠላት ነበረው?»

«ከኦሬስት በቀር ማን አለው? ሰው ወዳድ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ሃቭሪሎ እንኳ የልጁ መቃብር ላይ ያለው ሊፓ ተቆርጦበት ሲያለቅስ፣ እጁን ይዞ ያጽናናው ፓናስ ነው።»

ኡስቲና ተነሳች። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረደች፤ ወለሉን አይታ ገበዙን ጠራችው። ሃቭሪሎ ሽማግሌ ነው፣ ግን ትከሻው አሁንም ሰፊ ነው።

«ትናንት የት ዋልክ፣ አባባ?»

«ጠዋት ብቻዬን ረግረጉ ላይ ቄጠማ ሳጭድ፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ ስጎዘጉዝ፤ ማታ ጸሎት ላይ። ሕዝቡ ሁሉ አይቶኛል።»

«ማታን አልጠየቅሁህም፤ ና እስቲ ወደ ፓናስ ቤት አብረን እንውጣ።»

ሬሳው ወደ ሌላ ክፍል ከተወሰደ በኋላ ያቭዶኻን፣ ኦሬስትንና ገበዙን ደፉ ውስጥ አቆመቻቸው። ሚኪታና ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ተጋፍተው ያዳምጣሉ።

«ፓናስ ማታ ሞተ ያላችሁት፣ ከሰዓት በኋላ በሚጎዘጉዘው ቄጠማ ላይ ሬሳው ስለተገኘ ነው» አለች ኡስቲና። «ደሙ ግን ከቄጠማው በታች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተገደለ፤ ከዚያ ደሙ ሳይደርቅ ቄጠማ ተጎዘጎዘበት፤ ቁስሉ ሲደርቅ ደግሞ ሬሳው ላዩ ላይ ተደረገ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ያስፈልጋል። ኦሬስት በሩን ሲደበድብ ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ሚኪታ።

«ይህን መንገድ እዩት። በመኖሪያ ቤት ለማን ተብሎ ነው መሐሉ ባዶ የሚተወው? ፓናስ እንደ ድርቆሽ ነው የሚበትነው። ቄጠማ በረድፍ የሚደረደረው፣ ጫፉ ወደ መቅደሱ የሚዞረው፣ ለካህኑም መሐል መንገድ የሚተውለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አሁን አይቼው መጣሁ፤ አንድ እጅ ነው ሁለቱንም የጎዘጎዘው።»

ኡስቲና ወደ ምሰሶው ጠቆመች።

«ከዚህ ላይ የመዳፍ ያህል ነገር ተፈልፍሎ ተወስዷል። የገደለው ሰው ከዚህ ቤት ሌላ ምንም አልወሰደም። ለምን፣ አባባ ሃቭሪሎ?»

ሽማግሌው እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ አስገብቶ የጠቆረች የነሐስ ቅዱስ ሥዕል አወጣ።

«የእኔ ስለሆነች ነዋ» አለ። «ዩርኮዬን የቀበርኩ ዕለት ነው ሊፓውን የተከልኩት። ይህቺን ሥዕል በኋላ ቸነከርኩበት፤ ቅርፊቱ አቅፏት አደገ። ሲቆረጥብኝ ማን ነው እያልኩ በየቤቱ ዞርኩ፤ ፓናስም አብሮኝ ያዝን ነበር! ትናንት ጠዋት መሰላል ልዋስ ብዬ ስገባ ሊፓዬ ቆሞ አየሁት። ‹ይሄ የዩርኮ አይደለም ወይ?› አልኩት። አላፈረም! ‹መቃብር ላይ ማን ያየዋል? እዚህ ግን እንዴት እንደሚያምር! ሥዕሏንም ለጌጥ ትሆናለች ብዬ ተውኳት› አለኝ። ለጌጥ! ከዚያ በኋላ መጥረቢያው እጄ ላይ ነበር። ቄጠማውን… ደሙን ልሸፍን፣ ማታ የሞተ ላስመስል ብዬ ነው። እጄ እንደለመደው ሄደ።»

ያቭዶኻ ወደቀች። ሚኪታ የአጥር እንጨቱን አንስቶ ወደ በሩ ተወረወረ። «አንተ ርኩስ! ይሄን ሰውዬ በአንተ ምክንያት ልንገድለው ነበር እኮ!»

ኦሬስት ግድግዳውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆመ። መቆሙም በግድ ነው።

«ዞር በል!»

«አልልም። በሱ ምክንያት አትበል፤ በዱላህ የመታኸኝ አንተ ነህ። በቃ! ለዛሬ በቃችሁ!»

እንጨቱ በአየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ዝቅ አለ። ሃቭሪሎ ከኦሬስት ኋላ ሆኖ በሹክሹክታ ተናገረ።

«ሲቀጠቅጡህ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ» አለ ኦሬስት ሳይዞር። «በደህናው ዓይኔ አይቼሃለሁ።»

ከዚያ እያነከሰ ቀድሞ ወጣ፤ ሽማግሌውን ከኋላው አድርጎ ሰዎቹን በክንዱ እየገፋ እስከ ፖሊስ መኪናው ድረስ አደረሰው።