ብ ትጥበቅ

እማማ አራሚ በገዛ ቤታቸው ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት በስድስት ሰዓት፣ የእህታቸው ልጅ ለምሳ ስትመለስ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ልጅቷ ራሷ ታስራ ጣቢያ ነበረች። ጠዋት በሦስት ተኩል ገደማ «ለዚያች ዘፋኝ ከምትሰጪው ፍቅር ሩቡን ለእኔ ብትሰጪኝ ምን ይጎድልብሽ ነበር!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷታል። ከዚያ በሩን ጓ አድርጋ ወጣች፤ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ግን አንድ ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። የት ነበርሽ ስትባል «ዝም ብዬ ስዞር» አለች።

የጣቢያው አዛዥ ከዚህ በላይ አልፈለገም።

«ያለቀለት ነገር ነው። ነገ በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እስከዚያ ድረስ ለእኔ ተዋት» አለ ኢንስፔክተሩ።

ኢንስፔክተሩ ጡረታው የደረሰ፣ ቀኝ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ የማይሰማ ሰው ነው። ሰው ሲያዝንለት ይስቃል። «ባለ ሁለት ጆሮ ሰው በአንዱ የሰማውን በሌላው ያፈሰዋል፤ እኔ ማፍሰሻ የለኝም» ይላል። እውነትም አንድ ነገር ከገባለት አይወጣም።

ሟቿ ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቀይ ብዕራቸው አልወጣም፤ የመብራት ደረሰኝ እንኳ ሳያርሙ አያስቀምጡም ነበር። ዘፋኟ ገና ስም ሳይኖራት የግጥሟን ስህተት አርመው ላኩላት፤ እሷም ሳትቀየም መጥታ አመሰገነቻቸው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ እያንዳንዱን አዲስ ዘፈን ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚሰሙት እማማ አራሚ ሆኑ። የደጋፊዎቿ ማኅበር ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው። በዚያ ማኅበር ዘንድ «እሷ» ከተባለ ዘፋኟ ናት፤ ሌላዋ ሴት ሁሉ ስም ያስፈልጋታል።

ቅዳሜ «እሷ» ስምንት ከተማ የሚያዳርስ የሙዚቃ ጉዞዋን ትጀምራለች። ማኅበሩ በአውቶቡስ ይከተላታል። አዲሱን ዘፈን እስከ ቅዳሜ ከእማማ አራሚ በቀር ማንም አይሰማም፤ ለመፈክርና ለባነር እንዲሆን አንዲት መስመር ብቻ በወረቀት ተሰጥቷቸዋል፦ «መንገዱ ሲረዝም ልቤ ይጠብቃል።»

ኢንስፔክተሩ የሟቿን ቤት ደረጃ በዝግታ ወጣ። ፎቁ ላይ ጠረጴዛ፣ ክዳኑ ያልተገጠመ ቀይ ብዕር፣ ፍላሽ የተሰካበት ትንሽ ማጫወቻ፣ የጆሮ ማዳመጫ። ማዳመጫውን አንስቶ አገላበጠው። ራስ ላይ የሚያርፈው ቅስቱ እስከ መጨረሻው ተለጥጧል። እማማ አራሚ ደግሞ ከወፍ ትንሽ ከፍ የሚሉ ሴት ነበሩ። ይዞት ወደ ጣቢያ ሄደና አክስቷን ቁርጥ ለምትመስለው ልጅ ጭንቅላቷ ላይ አደረገላት። ማዳመጫው አንገቷ ላይ ወደቀ።

«ሙዚቃ ትወጃለሽ?» አላት።

«እጠላለሁ» አለች እያለቀሰች። «ሙዚቃ ነው አክስቴን የወሰደብኝ።»

ዘፋኟን ቤቷ አገኛት። ዓይኗ አብጦ ስልኳን ዘረጋችለት።

«ፍላሹን ወንድሜ በሦስት ሰዓት አደረሰላቸው። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲል ይሄን ጻፉልኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።»

መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ ሰማሁት። ብ ትጥበቅ።»

አዛዡ ይህን በስልክ ሲሰማ በደስታ ሊዘል ደረሰ። «የልጅቷ ስም በ‹ብ› ነው የሚጀምረው! ተጠበቁልኝ፣ ትጠበቅ፣ ዓይናችሁን ጣሉባት ማለታቸው ነው!»

«‹ትጠበቅ› ቢሉ ኖሮ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «የጻፉት ‹ትጥበቅ› ነው። የሠላሳ ዓመት አራሚ አንድ ፊደል አትስትም።» ስልኩን ዘግቶ ወደ ዘፋኟ ዞረ። «እስቲ ያቺን መስመር በይልኝ፤ እንደምትዘፍኛት አድርገሽ።»

አለችለት። ግራ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ባርኔጣውን አጠለቀ።

የማኅበሩን የኢንተርኔት ገጽ የምትመራው ወጣት «አንደኛ» ትባላለች። ስለ ዘፋኟ የሚወጣ ነገር ሁሉ ሥር ቀድማ «አንደኛ!» ብላ ስለምትጽፍ ነው። ፀጉሯ ከራሷ እጥፍ ይሆናል።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ኦንላይን።»

«በአካል ማለቴ ነው።»

«በአካልም ኦንላይን ነኝ ጋሼ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ።» ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «በእማማ እኮ ቀንቼ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ አንደኛ አድርገውኝ አያውቁም። ግን ሞት?»

መስመሯ የተጻፈችበትን ወረቀት ሰጥቶ አስነበባት። አንብባ ስታበቃ እንባዋ መጣ። «እኛን እኮ ነው! የትም ብትደርሱ ቆሜ እቀበላችኋለሁ ማለቷ ነው።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የደጋፊዎቹ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ጭንቅላቱ ለማንኛውም ባርኔጣ ፈተና ነው። እማማ አራሚ ባለፈው ሳምንት ከመሪው ላይ አንስተውታል።

«ለምን?»

«ባለፈው ጉዞ ትንሽ አርፍጄ ሁለት ዘፈን አመለጣቸው። ሁለት ዘፈን! ሰው ገደልክ እኮ ነው ያሉኝ።» አፉን በእጁ ያዘ። «ኧረ አፌን ይዝጋው፤ እንዲያው ለአባባል ነው።»

መስመሯን በጉልህ ድምፅ አነበበና አጉረመረመ። «ይኸው፣ እሷ ስንት ዓመት ትጠብቃለች፤ እኔን ሴትዮዋ አሥር ደቂቃ አልጠበቁኝም።»

የማኅበሩን ልብስና ባነር የሚሰፋው ሰውዬ ግን ዝምተኛ ነበር። ሱቁ ገና ሳይደርሱ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ኢንስፔክተሩን ሲያይ ቆቡን ሊያወልቅ ታገለ፤ ቆቡ ጠብቦት ግንባሩ ላይ መስመር ሠርቷል።

«ከእሁድ ወዲህ አላየኋቸውም» አለ፣ መቀሱን እያስቀመጠ። «እናቴ ነበሩ። የሰፋሁትን ሁሉ በቀይ ያርሙልኝ ነበር፤ ያረሙትን ደግሞ ነጥብ ሳልስት እሰፋለሁ።»

ግድግዳው ላይ ባነሩ ተሰቅሏል። ፊደሎቹ በጥቁር ክር ተጠልፈዋል፤ ‹ብ› ላይ ሲደርስ ግን ከአናቱ ሁለት ትናንሽ ነጥቦች በቀይ ክር ተሰፍተዋል።

«ይሄስ?»

«ጌጥ ነው።»

«እስቲ ያንብቡልኝ፤ ዓይኔ ደከም ብሏል።»

ሰውዬው ባነሩን ሳያይ አነበበው። «መንገዱ ሲረዝም ልቤ ይጠብቃል።» እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጨበጠ። «እዚህ ጋ ነው የሚይዘው ጌታዬ።»

ኢንስፔክተሩ ጆሮውን አዞረ። «ይድገሙልኝ?»

ደገመለት።

በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሁሉም በሟቿ ሳሎን ተሰበሰቡ። ዘፋኟ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ጥግ ተቀመጠች። የእህት ልጅ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆመች፤ ፍርድ ቤት የምትቀርብበት ሰዓት አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። የባነሩ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«እኔ ዜማ አይገባኝም» ብሎ ጀመረ ኢንስፔክተሩ። «ቃል ግን ይገባኛል። ትናንት ይህቺን መስመር አራት ሰው አስነበብኩ። በወረቀት አንድ ናት፤ በአፍ ግን ሁለት ናት። ‹ብ› ላልታ ስትነበብ ነገሩ መጥበቅ ነው፤ እንደ ቋጠሮ። ጠብቃ ስትነበብ ደግሞ መጠበቅ ነው፤ እንደ እናት።»

«ስትላላ መጥበቅ፣ ስትጠብቅ መጠበቅ?» አለ ሾፌሩ። «ይሄ ቋንቋ ሰው ያሳብዳል!»

«ያሳስራልም። ወረቀት ብቻ ያየ ሰው ሁሉ የሚያነበው መጠበቅ ብሎ ነው። አንደኛም ሾፌሩም እንደዚያው ነው ያነበቡት። ዘፋኟ ግን የቀረፀችው አላልታ ነው፤ ልቤ ይጨንቀዋል፣ ይቋጠራል ለማለት። እማማ አራሚ ዘፈኑን ሲሰሙ ይህን አልወደዱትም። ‹ብ ትጥበቅ› ብለው ጻፉ። እርማት ነው እንጂ የማንም ስም አይደለም።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ከእሳቸው በኋላ ግን ሌላ ሰው ዘፈኑን ሰምቷል። ማዳመጫው ለትልቅ ጭንቅላት ተለጥጧል፤ ለዚህች ልጅ አንገት ላይ ይወድቃል። ሰሚው ማን ነው? ዘፈኑን ሳይሰማ መስመሯን አላልቶ ሊል የሚችል የለም። ከራሷ ከዘፋኟ ሌላ አላልቶ ያለልኝ አንድ ሰው ነው።»

ልብስ ሰፊው አልተንቀሳቀሰም። «በአንድ ጆሮ ሰምተው ሰው ይወነጅላሉ?» አለ በቀስታ።

«ጆሮዬን አያምኑት፤ ክርዎን ይመኑት።» ኢንስፔክተሩ ጣቱን ቀዮቹ ነጥቦች ላይ አደረገ። «አራሚዎች ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ላይ ከአናቱ ነጥብ ያደርጋሉ። እማማ ይህን ምልክት የሚያደርጉት ዘፈኑን ከሰሙ በኋላ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትማ ጠብቃ እንደምትዘፈን እርግጠኛ ነበሩ። ፍላሹ የደረሰው ትናንት በሦስት ሰዓት ነው። እንግዲህ ባነሩ ከሦስት ሰዓት በኋላ በቀይ ብዕራቸው ሥር ነበር። እርስዎ ደግሞ ምልክቱን ሳያውቁት፣ የእሳቸው እርማት ስለሆነ ብቻ፣ ነጥብ ሳይስቱ ሰፉት።»

ልብስ ሰፊው ባነሩን ገና አሁን የሚያየው ይመስል ጎንበስ አለ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ዓመት ሁለተኛ ሰሚ ነኝ። ባነሩን ላሳርም መጣሁ። አርመው ሲሰጡኝ ማዳመጫውን አየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ አልኳቸው፤ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ‹አደራ ነው፣ ቅዳሜ ከሰው ጋር ትሰማለህ› አሉኝ። ማጫወቻውን አነሳሁ። ሊነጥቁኝ ያዙት። ደረጃው አፋፍ ላይ ነበርን... ለቀቁት።»

«ከዚያስ?»

ልብስ ሰፊው የባነሩን ጠርዝ ማጠፍ ጀመረ።

«ከዚያስ አንተ?» አለ ኢንስፔክተሩ። ‹እርስዎ› ማለቱን እዚያው ላይ ተወ። «ስንት ጊዜ ሰማኸው?»

«አራት ጊዜ።»

«ሐኪሙ ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ ይላል። አንድ ሰው ቢጠራላቸው ይተርፉ ነበር። ከታች ሲጣሩ አልሰማህም?»

«ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው።

አንደኛ ጮኻ አለቀሰች። ዘፋኟ እንደ ታመመ ሰው ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ፖሊሶቹ ልጅቷን ለቀው ወደ ልብስ ሰፊው ሄዱ፤ አዛዡ ይቅርታ ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አልወጣለትም። ኢንስፔክተሩም ተናዶ ነበር፤ በአዛዡም፣ በዘፈኑም፣ በሰውዬውም።

ልጅቷ ነጻ መውጣቷ የገባት አትመስልም ነበር። ደረጃው ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ዘፋኟ ሻርፗን አውርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔን ይበልጥ የሚወዱ ይመስልሽ ነበር አይደል?»

ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ደረጃውን አየች።

«ግጥሙን በወረቀት የላክሁላቸው ቀን ደወሉልኝ። ‹ለምሳ የምትመጣ ልጅ አለችኝ› አሉኝ። ‹ከረፋዱ ጀምሮ መስኮት ላይ እጠብቃታለሁ። ይቺ መስመር ስለ እሷ ናት።› እኔ ሌላ ትርጉም እንዳላት አልነገርኳቸውም፤ ሲሰሙት ይገረሙ ብዬ።»

«ስለ እሷ?» አለች ልጅቷ። በዚያ ቤት ያቺ ቃል እሷን ጠርታት አታውቅም ነበር።

«ስለ አንቺ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳውን በሞላው ሕዝብ ፊት፣ ልጅቷ በአክስቷ ቦታ ቆመች፤ በግራዋ አንደኛ፣ በቀኟ ሾፌሩ፤ ሾፌሩ ያን ቀን ከሁሉ ቀድሞ ነበር የደረሰው። ኢንስፔክተሩ ከኋላ ሆኖ ግራ ጆሮውን ወደ መድረኩ አዞረ። ዘፋኟ መስመሯ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ልጅቷ ላይ አሳረፈች። ከግጥሙ አንድ ፊደል አልተለወጠም።

ብ ብቻ ጠበቀች።